ለሥራ ሄጄ ጥቂት ቀን ላርፍ ነው፤ ቡቲክ ሆቴል ልያዝ ወይስ የለመድኩት ትልቁ ይሻለኛል?

ባለሁለት ሻንጣ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። በሚቀጥለው ወር ለሥራ ከአገር እወጣለሁ። ሰኞ ማታ እገባለሁ፤ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ስብሰባ ነው፤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔው የማቀርበው ጽሑፍ አለ። ዓርብን ከዓመት ፈቃዴ ላይ ወስጄ፣ ቅዳሜን ጨምሬ፣ እሑድ ልመለስ አስቤያለሁ። ባለቤቴ ሐሙስ ማታ ይመጣል። በራሱ ወጪ! ይህን አስቀድሜ የምናገረው እዚህ የሒሳብ ሰዎች እንደማይጠፉ ስለማውቅ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ሁልጊዜ የሚይዝልን ሆቴል ከስብሰባው አዳራሽ ጋር በር ለበር ነው። ከአራት መቶ በላይ ክፍል አለው። ንጹሕ ነው፣ እንከን አይወጣለትም፤ ግን ሦስት ጊዜ ሄጄ አንዱንም ማደሬን አላስታውስም። ባለፈው ጠዋት ስነቃ የት አገር እንዳለሁ ግር ብሎኝ መስኮት ልከፍት ተነሣሁ። መስኮቱ የማይከፈት ዓይነት ነው።

አሁን 14 ክፍል ብቻ ያለው ቡቲክ ሆቴል (ትንሽ፣ የራሱ መልክ ያለው ማለቴ ነው) አይቼ ልቤ ሸፍቷል። ድሮ የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የነበረ፣ ታድሶ ሆቴል የሆነ ቤት ነው። ጓሮው አትክልት ነው። ዋጋው ከተፈቀደልኝ ጣሪያ በታች ነው፤ ከአዳራሹ ግን በእግር 25 ደቂቃ ይርቃል።

ስድስቱንም ሌሊት እዚያው ልደር? የሥራውን ቀን ትልቁ ጋ አሳልፌ ሐሙስ ልዛወር? ወይስ ነገሩን ትቼ የለመድኩትን ልያዝ? ሥራና ዕረፍትን አንድ ላይ አድርጋችሁ ያያችሁ ንገሩኝ።

ደረቅ እውነት | እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡41

እህቴ፣ አትድከሚ። ትልቁን ያዢ።

«ቡቲክ» ዛሬ ማንም ተነሥቶ በሩ ላይ የሚለጥፈው ቃል ነው። ኮከብ እንኳ፣ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት መለኪያ ባይኖረውም፣ ቢያንስ ሰጪ አካል አለው። ቡቲክነትን የሚመረምር ማን ነው?

እኔ የዛሬ ዓመት እንዳንቺው ልቤ ሸፍቶ ገባሁ። ጠረጴዛ የሚሉት የአበባ ማስቀመጫ ብቻ የሚችል ክብ እብነ በረድ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ላፕቶፔን አልጋ ላይ ዘርግቼ እየጎበጥኩ ሠራሁ። መብራቱ ለጫጉላ እንጂ ለንባብ አልተሠራም። ሶኬቱ አንድ ነው፤ እሱም ከአልጋው ጀርባ። የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ መስታወት ነው፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሦስተኛው ቀን ማታ ጓሮው ውስጥ ሠርግ ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን የመጀመሪያው ሌሊት ነው። በረራዬ ዘግይቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ስደርስ ሪሴፕሽን ላይ ሰው የለም። በኢሜይል የላኩልኝ የበር ኮድ አልሠራ አለ። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሣው የለም። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። በማግስቱ ጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ ነበረኝ።

ፎቶው ላይ ግን በጣም ያምር ነበር።

የማታ ተረኛ | እሑድ፣ ከሌሊቱ 6፡05

ደረቅ እውነት፣ ወንድሜ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል። ግን ሆቴሉ ትንሽ ስለሆነ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚጠየቀው ስላልተጠየቀ ነው። እኔ ሪሴፕሽን ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜያለሁ፤ አምስቱን ሦስት መቶ ክፍል ባለው ሆቴል፣ ስድስቱን 18 ክፍል ባለው። ሁለቱ አንድ ሙያ አይመስሉኝም።

ትልቅ ሆቴል ውስጥ አንድን የክፍል ዓይነት ካወቅሽ ሁሉንም አውቀሻል። 412ም 512ም ያው ናቸው። ድሮ መኖሪያ የነበረ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። አንዱ ክፍል የጌታው መኝታ ነበር፣ ሌላው የሠራተኛ፣ ሌላው ዕቃ ቤት። ዋጋቸው ተመሳሳይ ሆኖ አንዱ ቤተ መንግሥት፣ አንዱ ቁም ሣጥን ይሆናል። ስለዚህ «ባለ ሁለት ሰው አልጋ ያለው ክፍል» ብለሽ አትያዢ። ክፍሉን በቁጥር ያዢ። በኢሜይል ሳይሆን ደውለሽ «ለሥራ ነው የምመጣው፣ ረቡዕ ትልቅ ቀን አለኝ፣ ከደረጃውና ከወጥ ቤቱ የራቀ፣ ወደ መንገድ የማያይ ክፍል የትኛው ነው?» በይ። እኛ እናውቃለን። የትኛው ክፍል ውኃ ቶሎ እንደሚሞቅ፣ የትኛው ወለሉ እንደሚንጫጫ፣ ከላይ ያለው ሰው ጫማ ሳያወልቅ ሲሄድ የትኛው ክፍል እንደሚሰማው ሁሉ እናውቃለን። የሚጠይቀን ሰው ነው የጠፋው።

ጠረጴዛውን በስልክ ፎቶ አንሥተው ይላኩልሽ። ድረ ገጹ ላይ ያለው ፎቶ ባለሙያ ያነሣው፣ ወንበሩም ለፎቶ የገባ ሊሆን ይችላል። ስለ ዋይፋይ «አለ ወይ?» አትበይ፤ የለም የሚል የለም። «እባካችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ፍጥነቱን ለክታችሁ ላኩልኝ» በይ። የድሮ ቤት ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ሎቢው ላይ የሚበር ዋይፋይ ክፍል ውስጥ ሲደርስ ይሞታል። ሪሴፕሽን ስንት ሰዓት ድረስ ሰው እንዳለው፣ ከዚያ በኋላ ማን ስልክ እንደሚያነሣ ጠይቂ። በዚያ ሳምንት ጓሮው ለዝግጅት ተከራይቶ እንደሆነም።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ሦስት መቶ ክፍል ውስጥ ቧንቧ ቢፈነዳ እንግዳውን ሌላ ክፍል እናስገባዋለን። 14 ክፍል ሞልቶ ሳለ ቢፈነዳ ግን መሄጃ የለም፤ ሌላ ሆቴል ፈልገን ነው የምንልክሽ። ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ግን የሚደርሰው ከትልቁ ቀንሽ ዋዜማ ነው፣ አታጪውም።

ደግሞ መቼ እንደምትደውዪ፦ ጠዋት እንግዳ ሲወጣ፣ ከሰዓት እንግዳ ሲገባ አትደውዪ። የማታ ተረኛ ነው ጊዜ ያለው። ይኸው እኔም ጊዜ አግኝቼ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት።

የድሮ ተጓዥ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆቼ፣ ደረቅ እውነት ቃሉን ማንም ይለጥፈዋል ያለው ልክ ነው፤ ግን ቃሉ ታሪክ አለው። ለሥራ ሄዶ ማረፍ ከሚለው ጋርም ይያያዛል፣ ታገሡኝ።

አኑሽካ ሄምፔል ለንደን ውስጥ ብሌክስ የተባለውን ሆቴል የከፈተችው በ1978 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቢል ኪምፕተን በ1981 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ቤድፎርድን ከፈተ። ቡቲክ የሚለውን ስም ያተረፈው ግን በ1984 ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ጎዳና ላይ የተከፈተው ሞርጋንስ ነው። ባለቤቶቹ ኢያን ሽሬገርና ስቲቭ ሩቤል ከዚያ በፊት ስቱዲዮ 54 የተባለውን የምሽት ክበብ የሚያስተዳድሩ፣ በታክስ ማጭበርበር ታስረው የወጡ ሰዎች ነበሩ (የሒሳብ ሰው የሆንከው አወራራጅ፣ ይህችን እንደምትወዳት አውቃለሁ)። የውስጡን ንድፍ የሠራችው ፈረንሳዊቷ አንድሬ ፑትማን ናት፤ ጥቁርና ነጭ ዳማ የመሰለው የመታጠቢያ ቤት ሸክላዋ እስከ ዛሬ ይነሣል። ሩቤል ነው ትልልቆቹን ሆቴሎች ሁሉም ነገር ከሚሸጥበት ትልቅ መደብር፣ የራሱን ደግሞ ከትንሽ ሱቅ፣ ከቡቲክ ጋር ያመሳሰለው። ስሙ በዚያው ቀረ።

ልብ በሉ፤ ቤቱን የሠሩት የጭፈራ ቤት ሰዎች ናቸው። ሐሳባቸው እንግዳው ክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጥ አልነበረም፤ ወደ ታች ወርዶ ከሰው ጋር እንዲሆን ነው። ለዚህ ነው ብዙ ቡቲክ ሆቴል ሎቢው ሰፊ፣ ክፍሉ ጠባብ፣ ጠረጴዛውም ክብ የሚሆነው። ዝርያው የመዝናኛ ነው። በ1998 አንድ ትልቅ የሆቴል ኩባንያ ደብሊው የሚባለውን ስም ይዞ ብቅ ሲል ነው ሐሳቡ ወደ ሥራ ተጓዡ መንደር የገባው። ከዚያ ወዲህ አራት መቶ ክፍል ያለውም ራሱን ቡቲክ ማለት ጀመረ።

ስለዚህ ልጄ፣ ዕረፍትሽን ለእሱ አትጠራጠሪ። ሥራሽን ግን ለእሱ ከመስጠትሽ በፊት ጠይቂ።

አወራራጅ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡20

ተጠራሁ መሰለኝ። ጋሼ፣ ታሪኩን ወድጄዋለሁ፤ አልክድም።

ሆቴሉ ቢያምርም ባያምርም እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ወረቀት ነው። ከሠራተኛ ጋር የሚያጣላን ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ሌሊት ናት፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ያለችው። ያንቺ ሐሙስ ማታ ማለት ናት። ስብሰባው አመሻሽ ላይ ካለቀና የዚያን ዕለት በረራ ከሌለ ብዙ መሥሪያ ቤት ሐሙስን የሥራ ሌሊት አድርጎ ይቆጥራል። በረራ ካለ ግን «ለምን አልተሳፈረችም?» የሚል ይመጣል። አሁኑኑ በጽሑፍ አስወስኚ። «ችግር የለም፣ ቆዪ» ያለሽ አለቃ ሒሳቡ በሚወራረድበት ቀን ፈቃድ ላይ ይሆናል።

ትኬቱ የሚቆረጥ ዕለት ሥራው እንዳለቀ ብትመለሺ የሚከፈለውንና የእሑዱን ዋጋ ጎን ለጎን አድርገሽ የስክሪን ፎቶ አስቀሪ። የእሑዱ ከረከሰ ማንም አይናገርሽም፤ ከተወደደ ልዩነቱን አንቺ ትከፍያለሽ። ከወር በኋላ የዛሬውን ዋጋ ማረጋገጥ የሚችል የለም።

ሆቴሉን ሁለት ሒሳብ እንዲከፍቱልሽ ጠይቂ፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ዓርብና ቅዳሜ በራስሽ ስም። አንድ ላይ ያለ ደረሰኝ አምጥተሽ «ግማሹ የእኔ ነው» ማለት ለእኔ ሥራ፣ ለአንቺ ጥርጣሬ ነው። ባለቤትሽ ሐሙስ ማታ ሲገባ የክፍሉ ዋጋ ከአንድ ሰው ወደ ሁለት ሰው ከፍ ካለ፣ ያች ጭማሪ የእናንተ ናት። ትንሽ ትመስላለች፤ እኔ ግን በእሷ የተነሣ ሦስት ደብዳቤ ሲጻፍ አይቻለሁ።

ደግሞ በመያዣ ድረ ገጽ ከፍለሽ ከሆነ፣ ገንዘቡን የተቀበለው ድረ ገጹ ስለሆነ ሆቴሉ በመሥሪያ ቤትሽ ስም ኢንቮይስ ላይሰጥሽ ይችላል። ቀጥታ ከሆቴሉ ያዢ። ውሎ አበል በሥራው የመጨረሻ ቀን ይቆማል፤ ዓርብን አትጨምሪ። የመሥሪያ ቤቱ የጉዞ መድንም የግል ቀኖችሽን ላይሸፍን ይችላልና ውሉን ጠይቂ፤ ካልሸፈነ ለሁለት ቀን የራስሽን ግዢ።

በራሳቸው ለሚሠሩት፦ ሕጉ እንደ አገሩ ይለያያል። ለምሳሌ አሜሪካ ከአገር ውጭ ለተደረገ በዋናነት የሥራ ለሆነ ጉዞ ለግል የዋለው ጊዜ ከጠቅላላው 25 በመቶ በታች ከሆነ የመሄጃና የመመለሻው ወጪ በሙሉ እንደ ሥራ ወጪ ይያዛል። የግል ቀኖቹ የሆቴል ሒሳብ ግን በየትኛውም መንገድ አይገባም። ቪዛውንም እዩ፤ የሥራ ጎብኚና የቱሪስት ቪዛ በየአገሩ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ሁለቱንም በአንድ ይሰጣል፣ የአሜሪካው ቢ1/ቢ2 እንደሚባለው፤ ሌላው ግን ዓላማህን ለይተህ እንድትናገር ይጠይቃል።

ላፕቶፕ ይዤ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

አወራራጅ ስለ ካርዱ አልነገርካትም። ሆቴሎች ስትገቢ ካርድሽ ላይ ለመያዣ የሚሆን ገንዘብ ያግዳሉ፤ ገንዘቡ አይወሰድም፣ ግን አይንቀሳቀስም። ከወጣሽም በኋላ እስኪለቀቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። በራስሽ ካርድ ከሆነና በዚያው ካርድ ዓርብና ቅዳሜን ልትዝናኚ ካሰብሽ ጣሪያው ላይ ትደርሻለሽ። ሁለት ካርድ ያዢ።

አወራራጅ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡22

ልክ ነህ። ረስቼው ነው።

ብቻዬን ነኝ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡48

እኔ በዓመት ስድስት ሰባት ጊዜ ለሥራ እሄዳለሁ፤ ሁሌም ብቻዬን። ሁለቱን ዓይነት ለምጃለሁ፤ ማንም ያላነሣውን ላንሣ።

ትልቁ ሆቴል የሚሸጠው አልጋ አይደለም፤ ሎቢ ነው። በስብሰባ ሰሞን ቁም ነገር የሚያልቀው ከአዳራሹ ውጭ ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ማታ ሊፍት ስትጠብቂ፣ ወንበር ላይ ጎንበስ ብለሽ ጫማ ስታስተካክዪ ሰው መጥቶ «ያንን ነገር እኮ ልንለውጠው ነው» ይልሻል። 25 ደቂቃ ርቀሽ ካደርሽ ይህን አትሰሚም። እኔ አንዴ እንደዚህ ርቄ አድሬ፣ ጠዋት ስገባ ሁሉም የሚያወራው ነገር አዲስ ሆኖብኝ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ስል ዋልኩ።

በሌላ በኩል ማታ ከባልደረቦች መራቅ ጸጋ ነው። በሌሊት ልብስ በር ስትከፍቺ የሒሳብ ክፍል ኃላፊውን አታገኚውም።

ትንሽ ቤት ውስጥ ሠራተኞቹ በሁለተኛው ቀን ስምሽን ያውቃሉ። ይህ ደስ ይላል፤ ደግሞ አንዳንዴ አይልም። መቼ እንደወጣሽ፣ መቼ እንደተመለስሽ፣ ከማን ጋር እንደተመለስሽ የሚያውቅ ሰው አለ። እኔ ለብቻዬ ስሆን ይህን እንደ ጥበቃ ነው የማየው፤ አንድ ማታ ዘግይቼ ሳልመለስ ስቀር ደውለው ደህንነቴን ጠይቀውኛል። አራት መቶ ክፍል ባለው ቤት ለሦስት ቀን ብጠፋ ሂሳቤ ካልሆነ ማን ያስበኛል? ጓደኛዬ ግን ይህንኑ ትጠላዋለች፤ የአክስቷ ቤት ያለች ይመስላታል።

የማልደራደርበት አንድ ነገር መውጫ ነው። የድሮ ቤት ብዙ ጊዜ ደረጃው አንድ ነው፣ እንጨት ነው። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የሆቴል እሳት ደኅንነት ምክረ ሐሳብ የሚነካው ቢያንስ 20 ከፋይ እንግዳ የሚይዙትን ነው፤ አሜሪካ በ1990 ባወጣችው ሕግ ደግሞ የፌደራል ሠራተኞች የጭስ መጠቆሚያ ያላቸው ሆቴሎች ውስጥ እንዲያድሩ ይበረታታሉ፣ ከሦስት ፎቅ በላይ የሆኑት ራሱን የሚከፍት የውኃ መርጫም እንዲኖራቸው ይጠበቃል። ትንሽ ቤት ከደንቡ በታች ሊያመልጥ ይችላል ማለት ነው። እኔ ክፍሌ ስገባ መጀመሪያ ጣሪያውን አያለሁ፣ የጭስ መጠቆሚያ አለ የለም። ከዚያ ከበሬ እስከ መውጫው ስንት በር እንዳለ እቆጥራለሁ፤ ጭስ ሲሞላ ዓይን አይሠራም፣ እጅ ግን ይቆጥራል። ሁለተኛ መውጫ ከሌለው ቤት አላድርም፣ ምንም ያህል ቢያምር።

መሥሪያ ቤትሽ «ከዝርዝራችን ውጭ ሆቴል አንፈቅድም» ካለሽም ክፋት አይምሰልሽ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው አይኤስኦ 31030 የሚባል የጉዞ ሥጋት አያያዝ መመሪያ አለ፤ አንድ ነገር ሲከሰት ሠራተኛው የት እንዳደረ ማወቅ የቀጣሪው ጉዳይ እንደሆነ ይወሰዳል። የት እንዳለሽ በጽሑፍ አሳውቂያቸው፤ ዓርብና ቅዳሜንም ጭምር።

ደረቅ እውነት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡02

«ሎቢ ነው የሚሸጠው» ያልሽው ነገር! ይህን ስንት ዓመት ስፈልገው የነበረ ቃል ነው። ትልቁን ያዢ ብያለሁ።

ባለሁለት ሻንጣ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። እንግዲህ ሦስት ሌሊት ትልቁ ጋ፣ ሐሙስ ወደ ትንሿ ብዛወርስ? ሒሳቡም በዚያው ራሱን ይለያል።

ላፕቶፕ ይዤ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡55

ለሒሳብ ሰው ያማረ ነው፤ ለእንቅልፍ ግን አስቢበት። በአዲስ ቦታ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ እንደሚከዳ ሁላችንም እናውቃለን። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ምክንያቱን አሳይቷል፤ በመጀመሪያው ሌሊት በከባድ እንቅልፍ ጊዜ የአንጎል ግራው ክፍል ከቀኙ ይልቅ ነቃ ብሎ ድምፅ ያዳምጣል። ዘብ ይቆማል እንደማለት። ሁለት ሆቴል ማለት ሁለት የመጀመሪያ ሌሊት ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ባልሽ የሚመጣበት ሌሊት።

ከዚያም ሌላ፣ ሐሙስ ጠዋት ቼክ አውት አድርገሽ ሻንጣሽን አስቀምጠሽ፣ ስብሰባ ውለሽ፣ ሻንጣ ወስደሽ፣ እንደገና ተመዝግበሽ… ስምሽ እኮ ባለሁለት ሻንጣ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል ያስቀመጠው የማያቋርጥ ድምፅ መጠን 30 ዴሲቤል ነው። ስልክ ትክክለኛ መለኪያ ባይሆንም ማታ አብርተሽ እዪው፤ 45 ካሳየሽ ወዲያው ክፍል ቀይሪ። እስከ ረቡዕ አትታገሺ።

የማታ ተረኛ | ሰኞ፣ ከሌሊቱ 5፡40

ከላፕቶፕ ጋር ነኝ። አትዛወሪ። ክፍል የምትቀይሪ ከሆነ ግን በገባሽበት ቀን አድርጊው፤ ሁለተኛው ማታ ዘግይቷል። መጀመሪያው ምሽት ሻንጣ ሳትፈቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጪ፣ መብራቱን አብሪ፣ ውኃውን ክፈቺ፣ ስልክሽን ሰኪ። አምስት ደቂቃ ነው። ልብስሽን ከሰቀልሽ በኋላ የሚመጣ አቤቱታ ለሁላችንም ይከብዳል።

ባለሁለት ሻንጣ | ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

ተመልሻለሁ። ውጤቱን ሳልነግራችሁ መቅረት ነውር መሰለኝ።

ስድስቱንም ሌሊት ትንሿ ቤት አደርኩ። ከመሄዴ በፊት የማታ ተረኛ እንዳለኝ ማታ ደወልኩ፤ ያነሣው ልጅ ሃያ ደቂቃ አዋራኝ። ልይዘው የነበረው ክፍል ከወጥ ቤቱ በላይ እንደሆነና ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ዕቃ እንደሚንኳኳ ራሱ ነገረኝ። ጓሮ በኩል ያለውን አስቀየርኩ። ጠረጴዛው ክብ እብነ በረድ ነበር፤ ደረቅ እውነትን አስታውሼ ሳቅሁ። የቢሮ ጠረጴዛ ከታች ተሸክመው አወጡልኝ፤ ለዚያ እንኳ ሁለት ሰው ነው የወጣው። የጭስ መጠቆሚያ ነበር፤ ሁለተኛው መውጫ በጓሮው የብረት ደረጃ ነው። ቆጠርኩ፤ ሦስት በር።

እንቅልፌ መጀመሪያው ሌሊት ተንኮታኩቶ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ሕፃን ተኛሁ። ረቡዕ ጠዋት በእግሬ ስሄድ ንግግሬን ለራሴ ደግሜ ጨረስኩ። ያች 25 ደቂቃ ከየትኛውም መለማመጃ ትሻል ነበር።

አሁን መጥፎው። ብቻዬን ነኝ ያለችው ደረሰ። ማክሰኞ ማታ ትልቁ ሆቴል ሎቢ ውስጥ የአቀራረቡ ቅደም ተከተል ተቀይሮ የእኔ ከሰዓት በኋላ ከነበረበት ወደ ረፋዱ መጥቷል። ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ የሰማሁት ጠዋት አዳራሽ በር ላይ ነው። ደግነቱ ተዘጋጅቼ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማታ ማታ ትልቁ ሎቢ እስከ 3 ሰዓት እየተቀመጥኩ ነው ወደ ማደሪያዬ የሄድኩት። ሌላ ጊዜ እንዲህ ያለ ስብሰባ ከሆነ እዚያው ነው የማድረው፤ ለሁለት ሦስት ሰው ቀጠሮ ከሆነ ግን ወደ ትንሿ።

ባለቤቴ ሐሙስ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ደረሰ። የማታው ልጅ በር ላይ ይጠብቀው ነበር፤ በስሙ ጠራው። እስከ ዛሬ የሚያወራው ስለዚያ ነው፤ የጎበኘነውን ሁሉ ረስቶታል።

ሁለት ኢንቮይስ ሰጡኝ። ዓርብና ቅዳሜ ያለ ምንም ጥያቄ አለፈ። ሐሙስ ግን… አወራራጅ፣ ወንድሜ፣ ሐሙስ እስካሁን አልተወራረደም። የሁለት ሰው ጭማሪዋ በመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ላይ ገብታ ተገኘች።

አወራራጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡01

አልኩሽ እኮ።

ልዩነቷን ራስሽ ገቢ አድርጊና ደረሰኙን ከማመልከቻ ጋር አያይዢ። ነገ ጠዋት። ደብዳቤ መጻፍ ከጀመሩ አያቆሙም።

የድሮ ተጓዥ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ተመለስሽ። የክፍሉን ቁጥር ንገሪኝ፤ የሆቴሉን ስም በግል መልእክት ላኪልኝ። በሁለት ወር ውስጥ በዚያ በኩል አልፋለሁ።

ባለሁለት ሻንጣ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡34

ቁጥር 9 ነው ጋሼ፤ ስሙን ልኬልዎታለሁ። ሊፍት የለውም። ደረጃው 41 ነው፣ ቆጥሬዋለሁ፤ ጉልበትዎን ካመመዎት ምድር ቤት ያለውን ቁጥር 2ን ይጠይቁ። ሲደውሉ ማታ ይሁን።